ሞተሩ ደኅና ነው

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ አንዲት መኪና አንድን ፒክአፕ ከኋላ ገጨችው። ሾፌሮች ወርደው ስልክ ተለዋውጠው የሚለያዩበት ዓይነት ቀላል ግጭት ነበር። ባምፐሩ ተጣመመ፣ የጎኑ ላሜራ ገባ አለ፤ በቃ። የገጪው ኢንሹራንስ 1,600 ዶላር ገምቶ ቼክ ላከ። የተገጨው ግን ሪቪያን አር1ቲ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ነበርና የመጨረሻው የጥገና ሒሳብ 42,000 ዶላር ሆኖ መጣ። በዚያ ገንዘብ አዲስ የቤንዚን ፒክአፕ ከነሊብሬው መግዛት ይቻል ነበር።

ነገሩ ያለው ላሜራው ላይ ነው። የዚህ ፒክአፕ ጎን ከጭነት ሳጥኑ ጫፍ ተነስቶ በጣሪያው ጠርዝ በኩል እስከ ፊት መስታወቱ ምሰሶ ድረስ አንድ ወጥ ቁራጭ ነው። መገጣጠሚያ ስለሌለው ያምራል። መገጣጠሚያ ስለሌለው ደግሞ የተጎዳውን ብቻ ፈትቶ መቀየር፣ ቀለሙንም እዚህ ድረስ ብሎ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ ኋላ ላይ ለገባ ጉድጓድ ሲባል የጣሪያው የውስጥ ልባስና የፊት መስታወቱ ሁሉ ወለቁ። በኋላ፣ ላሜራውን ከውስጥ እየገፉ ቀለም ሳይነኩ የሚያቃኑ እጀ ብልህ ባለሙያዎች ተመሳሳይ ጉዳቶችን እጅግ ባነሰ ዋጋ ሲሠሩ ታይቷል። ችግሩ የብረት ብቻ አይደለም ማለት ነው። መኪናውን የነደፈው ሰው ሲነድፍ የሚጠግነውን ሰው አላሰበውም።

የቤት አውቶሞቢል ሲበላሽ ሰው ታክሲ ይዞ ሥራ ይገባል። ፒክአፕ ግን ራሱ ሥራ ነው። መሰላል፣ ሲሚንቶ፣ የቀለም ባልዲ፣ ተጎታች የሚጫነው እሱ ላይ ነው። እሱ ጋራዥ ሲቀመጥ ባለቤቱም አብሮ ይቀመጣል። እነዚህ መኪኖች ሲሸጡ ጉልበታቸውና ፍጥነታቸው ብዙ ተወርቶላቸዋል፤ ወሬውም ሐሰት አይደለም። የተዘለለው ጥያቄ ግን ማን ይጠግነዋል፣ በስንት ጊዜ፣ በማን ፈቃድ የሚለው ነው።

ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ ሸማቾች ድርጅት ከአባላቱ መረጃ እየሰበሰበ በየዓመቱ የመኪኖችን አስተማማኝነት ይመዝናል። በ2023 ባወጣው ውጤት በባትሪ ብቻ የሚሄዱ መኪኖች ከቤንዚን መኪኖች 79 በመቶ የበለጠ ችግር ገጥሟቸው ነበር። የኤሌክትሪክ ፒክአፖች ከመቶ 30 ብቻ አግኝተው ከሁሉም የመኪና ዓይነቶች መጨረሻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ልዩነቱ ወደ 42 በመቶ ወርዷል፤ ፋብሪካዎቹ እየተማሩ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ምርት የገዛው ሰው ግን የትምህርት ቤት ክፍያውን የከፈለላቸው እሱ ነው።

ቁጥሩን ያነበበ ሰው የኤሌክትሪክ ሞተር ደካማ ነው ብሎ እንዳይደመድም። ሞተሩ የሚቀየር ዘይት የለውም፣ ፍሪሲዮን የለውም። መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ ራሱ ወደኋላ እየያዘ ኃይሉን ለባትሪ ስለሚመልስ የፍሬን ሸራ ለዓመታት ይቆያል። ለዋናው ባትሪ በአብዛኛው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣል። የሚበላሸው ዙሪያው ያለው ነው፦ የበር እጀታ፣ የኮፈን መቆለፊያ፣ ስክሪን፣ የቻርጅ መሰኪያ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ዳሳሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም የማይጠረጥራት ትንሿ ባትሪ።

የትንሿን ባትሪ ጉዳይ ያየሁት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። የሠፈራችን ሰው፣ ጋሼ የምለው፣ ቤት በማደስ ነው የሚተዳደረው፤ ግድግዳ ያፈርሳል፣ ጂፕሰም ይሰቅላል፣ ወለል ያነጥፋል። ዕድሜውን በቤንዚን ፒክአፕ ሠርቶ ወደ ኤሌክትሪክ የዞረው ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም። ከመኪናው ጀርባ ባለው ሶኬት መጋዙንና መሰርሰሪያውን በቀጥታ ሰክቶ ስለሚሠራ ነው። ከጄኔሬተሩ ጩኸት ጋር የደንበኞቹ ጎረቤቶች ስሞታም ቀረለት። የማን ሥሪት እንደሆነ ልተወው፤ ጋሼ እስካሁን እየተከራከራቸው ነው።

በዚህ አገር ክረምት፣ በረዶው መንገዱን ባነጣበት አንድ ማለዳ ደወለልኝ። ስደርስ ስልኩን ወደ እኔ አዙሮ ቆሟል። መተግበሪያው ባትሪው ከግማሽ በላይ እንዳለው ያሳያል፤ መኪናው ግን በድን ነው። በሩን በትርፍ ቁልፉ ከፈተው። ውስጡ ጨለማ፣ ትልቁ ስክሪን ድፍን።

«ትንሿ ባትሪ ትሆናለች» አልኩት። «የት ናት?»

«ከኮፈኑ ሥር።»

«ታዲያ ኮፈኑን እንክፈተዋ።»

«በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈተው።»

«ኤሌክትሪኩን ማን ይሰጠዋል?»

«ባትሪዋ ናታ፣ አንተ ልጅ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ የደስታ አልነበረም።

መመሪያውን በስልክ ስናገላብጥ፣ ከባምፐሩ ላይ ትንሽ ክዳን ተነስቶ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች እንደሚወጡ አገኘን። ለሽቦዎቹ ከውጭ ኃይል ሲሰጣቸው ኮፈኑ ይከፈታል። የሚስቱን አሮጌ ኮሮላ አስጠግተን፣ እጃችን ከብርዱ እየደነዘዘ፣ መጀመሪያ ኮፈኑን ከፈትን፣ ቀጥለን ትንሿን ባትሪ አስነሳን። መኪናው ምንም እንዳልተፈጠረ መብራቱን አበራ፤ ጋሼን በስሙ ጠርቶ እንደምን አደርክ የሚል ጽሑፍም አሳየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእነዚህ ፒክአፖች ዋና ባትሪ 400 ቮልት ገደማ ነው፤ ቴስላ ሳይበርትራክን የመሰሉት ደግሞ ወደ 800 ይደርሳሉ። ሰው የሚገድል ኃይል ነው። ስለዚህ መኪናው ሲቆም ትልልቅ ማብሪያ ማጥፊያዎች ዋናውን ባትሪ ከቀረው አካል ይቆርጡታል። ማለዳ ላይ መልሶ የሚያገናኛቸው ግን በሌላ፣ በአብዛኛው 12 ቮልት በሆነችው በትንሿ ባትሪ ጉልበት ነው። ትንሿ ባትሪ የምትሞላው ዋናው ሲገናኝ ብቻ ነው። በሌላ በኩል የመኪናው ኮምፒውተሮች ሌሊቱን ሙሉ አይተኙም፤ ባለቤቱ ስልኩን ነካ፣ ቁልፉ ቀረበ እያሉ ያዳምጣሉ፣ ከፋብሪካው ጋር መልእክት ይለዋወጣሉ፣ ቀስ በቀስም ትንሿን ባትሪ ይመጧታል። እሷ ከደከመች ትልቁን ማብሪያ መሳብ ያቅታታል። ያን ጊዜ አንድ ቤት ለቀናት ሊያበራ የሚችል ኃይል ሆዱ ውስጥ ይዞ ፒክአፑ ለገዛ አምፖሉ የሚሆን ያጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ መኪናው እንደገና ሞተ። አሁን አሮጌው ኮሮላም አላዋጣም። ጎታች መኪና ተጠራ፤ እሱም ማንኛውም ጎታች መሆን አይችልም። የኤሌክትሪክ መኪና ጎማው መሬት ላይ እየተንከባለለ ከተጎተተ ሞተሩ ኃይል ማመንጨት ይጀምራል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ሙሉ በሙሉ ጀርባው ላይ የሚጭን ያስፈልጋል። የሚጫነው ደግሞ ቀላል ዕቃ አይደለም። ሪቪያኑ ከ3,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የጂኤምሲ ሐመር የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ወደ 4,100 ኪሎ ይጠጋል። አንዳንድ የሠፈር ጋራዦች ይህን ክብደት በማንሻቸው ላይ ማውጣት አይደፍሩም።

አገልግሎት ማዕከሉ ውስጥ ጨዋ ወጣት ተቀበለን። ኮምፒውተሩን አይቶ «ሞተሩ ደኅና ነው፣ ዋናው ባትሪም ደኅና ነው» አለ፤ የምሥራች እንደሚያበስር ሰው። አንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን መቀየር አለበት፣ ዕቃው ታዟል፣ መቼ እንደሚደርስ አያውቅም። ለጊዜው የምትነዳው ብሎ የቤተሰብ መኪና ሰጠው። ጋሼ መሰላሉን ጣሪያው ላይ ለማሰር ሞከረ፤ ማሰሪያ አልነበረውም። ሳምንታት አለፉ። የያዘውን አንድ ሥራ ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠ። ዋስትናው ዕቃውን ሸፈነለት፣ የጠፋውን ገቢ ግን የሚሸፍን አንቀጽ የለውም። እኔን የገረመኝ የዕቃው መጥፋት አይደለም። በቀድሞ ፒክአፑ ጊዜ ቢሆን ጋሼ ሦስት መካኒክ ያውቃል፤ አንዱ ባይሆን ሌላው ጋ ይሄዳል፣ መለዋወጫውን ከወደቀ መኪና ነቅሎ ያስገጥማል፣ ዋጋ ይከራከራል። አሁን የሚከራከረው ሰው የለም። ወጣቱም ቢሆን ስክሪኑ ላይ ከሚያየው በላይ አያውቅም።

ሶፍትዌር ሲታከልበት ጨዋታው ይለወጣል። በኖቬምበር 2023 ሪቪያን በኢንተርኔት የላከው ማሻሻያ የአንዳንድ መኪኖችን ስክሪን አጨለመ። የኩባንያው የሶፍትዌር ኃላፊ ራሳቸው ለባለንብረቶች በጻፉት መልእክት፣ በሰው ስሕተት የተሳሳተ የደኅንነት ሰርተፍኬት ያለው ቅጂ መላኩን ገለጹ። የተጎዱት ከመቶ ሦስት ገደማ ነበሩ። መኪኖቹ ይነዱ ነበር፤ ግን የፍጥነት መቁጠሪያው በሚታይበት ስክሪን ላይ ምንም የለም። ባለቤቱ ማታ ደኅና መኪና አቁሞ ተኝቶ፣ ማንም ሳይነካበት፣ ጠዋት የተበላሸ መኪና ያገኛል። በቤንዚን ዘመን እንዲህ ያለ ብልሽት አልነበረም።

ደግሞ የሌላኛውንም ወገን እንበል። በኦክቶበር 2025 ቴስላ 63,619 ሳይበርትራኮችን የፊት ፓርኪንግ መብራታቸው ከደንቡ በላይ ስለሚያበራ ለእርማት ሲጠራ፣ ማንም ከቤቱ መውጣት አላስፈለገውም፤ በአየር ላይ በተላከ ሶፍትዌር ተስተካከለ። ስለዚህ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን የሚያወጣቸውን የእርማት ጥሪዎች ብዛት ብቻ ቆጥሮ መፍረድ ልክ አይደለም። እኔ የምፈርደው በዓይነታቸው ነው። በኤፕሪል 2024 ቴስላ 3,878 ሳይበርትራኮችን የጠራው የነዳጅ ፔዳሉ ሽፋን ተንሸራትቶ ከፔዳሉ በላይ ባለው የውስጥ ልባስ ተሰንቅሮ ሊያዝ ስለሚችል ነበር (ነዳጅ ባይኖርም ፔዳሉን ሰው አሁንም እንዲያ ነው የሚለው)። ምክንያቱ ሲጣራ፣ ሽፋኑን ለማስገባት እንዲያመች በፋብሪካው ውስጥ ያልተፈቀደ ሳሙና ተቀብቶ ነበር። በማርች 2025 ደግሞ ከ46,000 በላይ፣ እስከዚያ የተመረቱትን ሁሉንም ማለት ይቻላል፣ ጠራ። ከጣሪያው ጠርዝ ጋር በሙጫ የተያያዘው የብረት ጌጥ እየተላቀቀ በመንገድ ላይ ሊወድቅ ይችላል ተብሎ ነው። መፍትሔው ብሎን ማሰር ሆነ። ጥይት ይችላል ተብሎ የተዋወቀ መኪና በሙጫ ተያይዞ መገኘቱን አዲስ አበባ ላለ ላሜራ ሠሪ ብነግረው አያምነኝም።

ሪቪያንም በኦክቶበር 2022 ከ12,000 በላይ መኪኖችን መልሶ ጠርቷል፤ የፊት ጎማውን ከላይኛው ክንዱ ጋር የሚያያይዝ ብሎን በአንዳንዶቹ ላይ በሚገባ ሳይጠብቅ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። እስከዚያ ያስረከባቸውን ሁሉ ማለት ይቻላል። አዲስ ፋብሪካ ብሎን ማጥበቅ የሚማረው በደንበኛው መኪና ላይ ነው። ነባሩ ፎርድም አልተረፈም። በፌብሩዋሪ 2023 ዲርቦርን፣ ሚሺጋን፣ ከፋብሪካው አጠገብ ለርክክብ የቆመ ኤፍ-150 ላይትኒንግ ባትሪው ተቃጠለ፤ እሳቱ አጠገቡ ወዳሉትም ተዛመተ። ኩባንያው ማምረቱን ለአምስት ሳምንታት ያህል አቁሞ፣ መንስኤውን ከባትሪ አቅራቢው ጋር አጣርቶ፣ በመጨረሻ 18 መኪኖችን ብቻ ጠራ። ይህ እንደ እኔ ብልሽትን በአግባቡ የመያዝ ምሳሌ ነው።

በማን ፈቃድ ይጠገናል ወደሚለው ጥያቄ እንመለስ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ፣ መኪና በገመድ አልባ የሚልከውን የምርመራ መረጃ ባለቤቱና እሱ የመረጠው ጋራዥ እንዲያገኙ ወሰነ፤ የደገፈው ከመቶ 75 ገደማ ነው። በ2023 የሜይን ግዛት ሕዝብ ተመሳሳይ ሐሳብ በ84 በመቶ አሳለፈ። በዚህች በተከፋፈለች አገር 84 በመቶ ሰው የተስማማበት ሌላ ጉዳይ ብትፈልጉ አታገኙም። አምራቾቹ የማሳቹሴትሱን ሕግ ፍርድ ቤት ወስደው ለዓመታት አጓተቱት። ክርክራቸው መረጃው ክፍት ከሆነ ሰርጎ ገቦች መኪናውን ይጠልፉታል የሚል ነው። ከንቱ ስጋት ነው አልልም። ግን ያው መረጃ በነሱ እጅ ሲሆን አደጋ የሌለው፣ በመካኒኩ እጅ ሲገባ አደገኛ የሚሆንበት ምክንያት አልታየኝም።

ቅርብ ነው የሚባለው የመኪና ሻጭም ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ፎርድ በ2022 የኤሌክትሪክ መኪና መሸጥ የሚፈልጉ ሻጮቹ ለቻርጅ ማድረጊያ፣ ለመሣሪያና ለሥልጠና ከ500,000 እስከ 1.2 ሚሊዮን ዶላር እንዲያወጡ ጠይቆ ነበር። ብዙዎች አንገራገሩ፤ በ2024 ኩባንያው ራሱ ዕቅዱን ተወው። ሻጩ ገንዘቡን ላውጣ አላውጣ ሲል ገዥው መሐል ቀረ።

ከሁሉ የከፋው ግን ወላጅ አልባ መሆን ነው። ሎርድስታውን ሞተርስ የተባለው ኩባንያ በኦሃዮ የቀድሞ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውስጥ ኢንዱራንስ የተባለ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ማምረት የጀመረው በሴፕቴምበር 2022 ማብቂያ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ምርቱን አቁሞ 19 መኪኖችን ለእርማት ጠራ፤ በጁን 2023 ኪሳራ አወጀ። በዓመቱ ፊስከር ተከተለው። የሱ ፒክአፕ ባይሆንም የባለቤቶቹ ዕጣ ግን ያው ነበር። ማኅበር አቋቋሙ፤ መለዋወጫና ሶፍትዌር ራሳቸው ማፈላለግ ያዙ። በዲሴምበር 2025 ደግሞ ፎርድ በባትሪ ብቻ የሚሄደውን ላይትኒንግ ማምረት እንደሚያቆም፣ ተተኪውም ባትሪውን የሚሞላ የቤንዚን ጄኔሬተር እንደሚኖረው አስታወቀ። ፎርድ አልከሰረም፤ መለዋወጫም በአንዴ አይጠፋም። ሆኖም ላይትኒንጉን አሥር ዓመት እሠራበታለሁ ብሎ የገዛ ሰው ዜናውን ሲሰማ ሆዱ አይርድም አልልም።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ጣጣ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ኢትዮጵያ ከማንም አገር ቀድማ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክላለች። ከዚያም በፊት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጋ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ጉምሩክ ብቻ፣ እዚያው አገር ውስጥ ለሚገጣጠም ጥሬ ክፍል ደግሞ ምንም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛና ኤሌክትሪክ ከወንዟ ለምታወጣ አገር ውሳኔው ምክንያት አለው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ መምህር እስከ ራይድ ሾፌር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ገና በየመንገዱ የለም፤ ሲሚንቶ ጭኖ ክፍለ ሀገር የሚወጣው አሁንም ሃይሉክሱ ነው። ይመጣል ግን።

የአክስቴ ልጅ ሶማሌ ተራ አቅራቢያ ጋራዥ አለው። አባቱ ፊያት ይጠግን ነበር፣ እሱ በቶዮታ አደገ፣ አሁን በየሳምንቱ የኤሌክትሪክ መኪና ይገባለታል። ስልክ ስደውልለት ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነበር የጀመረው።

«ሞተሩን አልፈራውም፤ እሱ አይመጣም። የሚመጣው ሌላው ነው። ግን ብርቱካናማውን ገመድ ሳየው እጄን ኪሴ ነው የምከተው።» ብርቱካናማው የከፍተኛ ቮልት ገመድ ነው፤ በየትኛውም ሥሪት ቀለሙ ይኸው ነው። ከዋናው ባትሪ ሳይለያዩትና ውስጡ የቀረው ኃይል እስኪወርድ ሳይጠብቁ፣ 1,000 ቮልት የሚችል ጓንት ሳያጠልቁ አይነካም። «ጓንቱን ከዱባይ በሻንጣ አስመጣሁ። ለሁለት ልጆች አንድ ጥንድ ነው፤ ተራ ይጠብቃሉ።»

ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ በኩል የገቡ ናቸው። ስክሪናቸው የሚናገረው ቻይንኛ ነው፣ መተግበሪያቸው የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ልጆቹ የስልካቸውን ካሜራ ስክሪኑ ላይ ደግነው እያስተረጎሙ ይሠራሉ። መኪናው መንገድ ላይ ሲቆም ባለቤቱ እንደለመደው በገመድ ያስጎትታል፣ ወይ ሠፈርተኛ ጠርቶ ያስገፋል፤ ደኅና የነበረው ሞተር አንዳንዴ የሚታመመው ያኔ ነው። ትንሿን ባትሪ በተመለከተ ግን አዲስ አበባ ከቨርጂኒያ የተሻለች መሆኗን የአክስቴ ልጅ በኩራት ነገረኝ። ትጠረጠራለች፣ ትለካለች፣ በዚያው ቀን ትቀየራለች። ባትሪ ሻጩ ከጋራዡ ፊት ለፊት ነው።

የጨነቀው ሌላ ነገር ነው። አንድ መኪና መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተቃጥሎ መጣለት። ከተገለበጠ ተመሳሳይ መኪና ነቅሎ ገጠመለት፣ ልክ ለቶዮታ እንደሚያደርገው። ገባ፣ ተስማማ፣ መብራቱም በራ። መኪናው ግን አልነሳም አለ። ሳጥኑ የሌላ መኪና ቁጥር ተጽፎበታል፤ አዲሱን ቁጥር ለማስጻፍ ፋብሪካው ብቻ የሚሰጠው ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፋብሪካው ደግሞ ይህን መኪና ኢትዮጵያ እንዳለ አያውቀውም። ባለቤቱ ቻይና የሚመላለስ ዘመድ ይዞ እያፈላለገ ነው።

«እስከዚያ ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ማቆሚያ አስከፍለዋለሁ። ከጥገናው ያጣሁትን ከቦታው አገኘሁት።»

«የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ቢመጣልህስ?»

ትንሽ አሰበ። «ፒክአፕ የሁለት መኪና ቦታ ነው የሚይዘው» አለ፤ «እሱን በእጥፍ ነው።»